የልጁን ስልክ ማን ይዝጋው?

እናት፣ ገርጂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ውኃ ልጠጣ ስነሳ የ10 ዓመት ልጄን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኬን ሲያይ አገኘሁት። ፓተርኑን እኔ ስከፍት እያየ ይዞታል። ለካ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ለዚህ ኖሯል። ባለቤቴ "መቆጣጠሪያ አፕ እንጫን" ይላል። እኔን ደግሞ ልጅን በአፕ ማሳደግ ከበደኝ። እስቲ ተከራከሩበት። ይጫን ወይስ አይጫን? ከተጫነስ የቱ?

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይጫን እህቴ። እዚህ አሜሪካ እኛ ቤት ሁለቱም ልጆች አይፎን ነው የያዙት። ስክሪን ታይም የሚባለው የአጠቃቀም መገደቢያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልኩ ላይ አብሮ የሚመጣ ነው፣ የሚገዛ ነገር የለም። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ጨዋታውም ቪዲዮውም ይዘጋል። የስክሪን ታይሙን የይለፍ ቁጥር ብቻ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ አድርጉት። የቤቱ ራውተር (ዋይፋይ ማከፋፈያው) ላይ ደግሞ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የድረ ገጾችን አድራሻ የሚፈልግልንን አገልግሎት፣ 1.1.1.3 አድርጌዋለሁ። ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ ነው የሚሰጠው፣ ነጻ ነው፣ የብልግና ገጾችን ይዘጋል። ድሮ በየማታው "አምስት ደቂቃ ብቻ" እየተባለ ለቅሶ ነበር። አሁን ቀረ። ያቃተኝ ትምህርት ቤት የሰጣቸው ክሮምቡክ ላፕቶፕ ነው። የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ እኔ ልነካው አልችልም።

መምህር፣ ባሕር ዳር፦
እኔ አይጫን ባይ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ሲታገድ እገዳ የሚያሳልፈውን የቪፒኤን አጫጫን ለእኛ ለመምህራኑ ያሳዩን ተማሪዎቻችን ናቸው። ከዚያ ወዲህ መቆለፊያ የሚያስፈራው ልጅ ብዙ አላየሁም። ዩቲዩብን ብትዘጉ ፊልሙ በቴሌግራም ይመጣል። ቴሌግራምን ብትዘጉ ጓደኛው ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር ይልክለታል። እኛ ስናድግ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነበር። አባባ ተስፋዬን ያየነው ከእናት አባታችን ጋር ቁጭ ብለን ነው። አጠገባችን ሰው ነበር። ዛሬ የጎደለው እሱ ነው።

እናት፣ ገርጂ፦
መምህር፣ እውነትዎን ነው። ግን እኔ ከሥራ የምገባው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ማን አጠገቡ ይቀመጥልኝ?

ስልክ ጠጋኝ፣ አዲስ አበባ ሜክሲኮ፦
እህቴ፣ አፕ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ስልኩ የማን ነው? ያንቺ ከሆነ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የጉግል መቆጣጠሪያ አፕ መልስ አይሆንሽም። እሱ የተሠራው የራሱ ስልክና የራሱ የልጅ አካውንት ላለው ልጅ ነው። የጋራ ስልክ ከሆነ መጀመሪያ ፓተርኑን ተዪውና ረዘም ያለ ቁጥር አድርጊበት። ከዚያ አንድሮይድ ላይ አንድ አፕ ብቻ ከፍተሽ እዚያው የምትቆልፊበት አለ። ሴቲንግ ገብተሽ ሴኩሪቲ ውስጥ "አፕ ፒኒንግ" በሚል ታገኚዋለሽ። መውጫው ቁጥር እንዲጠይቅ አድርጊው። ስልኩን ስትሰጪው እሱን አብርተሽ ስጪው። የዩቲዩብንም ገደብ አብሪው፣ ግን በእሱ ብቻ አትመኚ። በእኔ ስልክ ስሞክረው የሚያሳፍሩ የአማርኛ ቪዲዮዎችን ሲያሳልፍ አይቻለሁ።

የራሱ ስልክ ካለው ግን ፋሚሊ ሊንክ ጥሩ ነው። ነጻ ነው። የቀን ገደብና የመኝታ ሰዓት ታስቀምጫለሽ። አዲስ አፕ ሊጭን ሲል ፈቃድሽን ይጠይቃል። እዚህ ላይ በየቀኑ የማየውን ስህተት ልንገራችሁ። ወላጅ ለልጁ አካውንት ሲከፍት ቶሎ እንዲያልፍለት ብሎ የልደት ዓመቱን ውሸት ይሞላል። የ9 ዓመቱ ልጅ ጉግል ዘንድ የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ለልጅ ተብሎ የተሠራው ጥበቃ ሁሉ ያን ጊዜ ያልፈዋል። ትክክለኛውን ዓመት ሙሉ።

ሌላው፣ "የልጄን መልእክት በድብቅ የማነብበት ጫንልኝ" የሚሉኝ አሉ። አልጭንም። እንዲህ ያለው አፕ ብዙ ጊዜ የስልኩን ጥበቃ አጥፉ ይላል። የልጁ ፎቶና መልእክት የት እንደሚሄድ ደግሞ ማንም አያውቅም።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ። የ13 ዓመት ልጄን የማናውቀው ትልቅ ሰው በጨዋታ ውስጥ ሲያወራት ደርሼበታለሁ። ሰዓት ብገድብ ያ ሰውዬ በተፈቀደላት አንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ አነባለሁ። አባት ነኝ፣ ይህን ማድረግ ግዴታዬ ነው።

እናት፣ ዱባይ፦
ወንድሜ፣ ድንጋጤህ ይገባኛል። የእኔን ልንገርህ። ልጄ ደሴ ከእህቴ ጋር ናት። አራት ዓመት ሆነኝ፣ የምንገናኘው በስልክ ነው። ፋሚሊ ሊንኩን እህቴ አስተካክላለች። ሁሉም ነገር ማታ ይዘጋል፣ የምንደዋወልበት አፕ ብቻ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እኔ ከሥራ የምላቀቀው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ ከተኛችም ለአፍታ ትነቃልኛለች። ይህ አልጎዳንም።

የጎዳን ሌላ ነው። አንድ ቀን ጭንቀት ገባኝና እህቴን የቴሌግራም መልእክቷን እያነሳሽ ላኪልኝ አልኳት። ከጓደኛዋ ጋር ስለ አንድ ልጅ ያወራችው ነበር፣ የልጅ ወሬ። አወቀች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር "ደህና ነኝ እማዬ" ብቻ ነው የሰማሁት። እኔ በዚህ ርቀት ያለኝ ወሬዋ ብቻ ነው። እሱን በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሰውዬው ልጅህን ሲያወራት አንተ ካነበብክ አንድ ጊዜ ታድናታለህ። ራሷ ከነገረችህ ግን ሁልጊዜ ትድናለች።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ነገርሽ ከበደኝ እህቴ። ለእሷ ሳልነግር ማንበቡን አቆማለሁ። ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን ገና አልወሰንኩም። ዛሬ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።

መምህር፣ ባሕር ዳር፦
እኔም በከፊል ተረትቻለሁ። ሰዓት የሚዘጋው ይሁን፣ ልጁ አውቆት። የልጁን ጓዳ የሚበረብረው ግን ይቅር። ስንት ሰዓት ለሚለው ደግሞ አንድ ቁጥር አትፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ብቻ ነው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል። ከዚያ በላይ ላለው ልጅ እንቅልፉን፣ ጥናቱንና ሩጫውን አስቀድሙ፣ የተረፈው የስክሪን ይሁን። ደግሞ ሸክሙ ሁሉ ለምን በወላጅ ላይ ይውደቅ? አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ሕጉን ሲጥስ የሚቀጣው ኩባንያው ነው እንጂ ልጁ ወይም ወላጁ አይደለም። እኛ አገር ግን ይህ ሲወራ እንኳ አልሰማሁም።

እናት፣ ገርጂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓተርኑን ቀይሬዋለሁ። በድብቅ አልቀየርኩትም፣ ለምን እንደሆነ ነግሬው ነው። አለቀሰ፣ ከዚያ ተኛ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ 3 ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ የእኔም ጭምር። ልጄ "የአባዬስ?" ብሎ ጠየቀኝ። አባቱን አሁን እየጠበቅነው ነው።