የአባቴ ግፊት 162 በ98 ሆነ፤ ክኒኑን ትቶ በነጭ ሽንኩርት ይቻላል?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ጤና ጣቢያ ሲለካ ግፊቱ 162 በ98 ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲደገም 158 በ96 ሆነ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዘዘለት። እሱ ግን «ምንም አያመኝም፣ የምን ክኒን ነው?» ብሎ በአራተኛው ቀን ተወው። ጎረቤቱ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሽፈራው፣ ተልባ ይለዋል። ጠዋት ሆጃውን (በወተት የሚፈላውን ትኩስ መጠጥ) በጨው ይጠጣል፣ ከሰዓት ይቅማል። በተፈጥሮ መንገድ ማውረድ ይቻላል? ጨንቆኛል።

ነርስ፣ ከከዚራ
እህቴ፣ ግፊት አብዛኛው ሰው ላይ ምልክት የለውም። ሳያሳምም ነው ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን የሚጎዳው። ስለዚህ ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምር። ምግብ ማስተካከሉ ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፈንታ አይደለም። ግፊቱ ወርዶ ከቆየ ሐኪሙ ራሱ ሊቀንስለት ይችላል።

አለካኩንም እዩት። ብዙ ሰው በድሬ ፀሐይ በእግሩ መጥቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ ክንዱን ይዘረጋል። ያ ቁጥር ያሳስታል። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ ይቅር። ሽንቱን ይሽና። ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልቡ ትይዩ ይረፍ፤ መለኪያው በልብስ ላይ አይታሰር። ሲለካ አያውራ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ፣ ለ7 ቀን ደብተር ላይ ጻፊው። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

የልጆች እናት፣ ለገሃር
የኔ እህት፣ ባለቤቴም እንዲሁ ነበር። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ጨውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ያውም የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ! የኔ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭም እንደዚያው። ከዚያ ወጡ ላይ እንደገና እጨምራለሁ፣ የሾርባ ኩቡም ጨው ነው። አሁን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ነው የማስፈጨው፣ ኩቡን ትቻለሁ። የሆጃው ጨው ለሱ በጣም ከባድ ነበር። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀነስኩበት። መጀመሪያ «ውሃ ውሃ አለኝ» አለ፤ ወር ሳይሞላ ምላሱ ለመደ። ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ወጡ ውስጥ በደንብ ጨምሪው፣ ሎሚም ጠብ አድርጊበት። ጨው ሲቀንስ ጣዕሙን የሚይዙልሽ እነሱ ናቸው።

የመጋላው
አቦ፣ ጫቱን ዝም ብላችሁ አትለፉት! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። በዚያ ላይ በርጫ ማለት ሰዓታት መቀመጥ፣ ሲጋራ፣ በስኳር የተሞላ ሻይ፣ ከዚያ እንቅልፍ ማጣት ነው። ለአባትሽ «ተው» ብትይው አይሰማሽም። ከበርጫ በፊትና በኋላ ለኪለትና ቁጥሩን ራሱ ይየው። እኔ ከ138 ወደ 156 ወጥቶ ሳየው ነው የደነገጥኩት። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን አደረግኩት፣ ከዚያ ተውኩት። አሁን ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ።

ነርስ፣ ከከዚራ
ልክ ነህ ወንድሜ። ነጭ ሽንኩርትና ከርከዴ በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርጉ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን 160 የገባን ግፊት ብቻቸውን አይመልሱትም። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ባቄላ ፖታሲየም ስላላቸው ጥሩ ናቸው፤ ኩላሊቱ ችግር ካለበት ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይብዛበት። ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር፣ ግፊት ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። 180 በ120 ከደረሰና ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አፉ ከተጣመመ ወይም እጁ ከዛለ በሽንኩርት እንዳትዘገዩ። ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የሳቢያን ልጅ
ሦስት ሳምንት ሆነን። የበርጫውን ልዩነት በዓይኑ ሲያይ ክኒኑን ጀመረ። የደብተሩ አማካይ 144 በ88 ነው። ሆጃው አሁን ያለ ጨው ነው። ጫቱን በየቀኑ ከመቃም ወደ ሳምንት ሦስት ቀን አውርዷል። ቁርጭምጭሚቱ ግን ትንሽ አብጧል፣ ክኒኑ ይሆን?

ነርስ፣ ከከዚራ
ሊሆን ይችላል፣ አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ያሳብጣል። በራሱ እንዳያቆመው። ደብተሩን ይዞ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂድና እብጠቱን ያሳይ፤ ሌላ የሚቀየር መድኃኒት አለ።