ያልተለሰነ ኮንክሪት ለቤተ ክርስቲያን ይሆናልን?

የክርክሩ መነሻ፦ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኝ አንድ ደብር ምስጥ የበላውን ክብ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ፣ ልስንም ቀለምም በማይነካው ኮንክሪት ሊሠራ አስቧል።

የደብሩ ተወላጅ መሐንዲስ፦ ጥሬ ኮንክሪት መንፈስን ያቀዘቅዛል መባሉን አልቀበልም። አርክቴክቱ ጎትፍሪድ ቦም በጀርመን ኔቪገስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1968 የተባረከው የተሳላሚዎች ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው እንደ ድንኳን የተጣጠፈ ኮንክሪት ሲሆን፣ ከባለቀለም መስኮቶቹ የሚገባው ጥቂት ብርሃን ውስጡን ለጸሎት የሚመች ጨለምለም ያለ ቦታ ያደርገዋል። ላሊበላም ቢሆን ያልተለሰነ ድንጋይ ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ላሊበላ ተፈለፈለ እንጂ በካሳፎርማ፣ ማለት ኮንክሪት በሚፈስበት ቅርጽ ውስጥ አልፈሰሰም፤ ይህን ግን ልለፈው። እኔን የሚያሳስበኝ መልኩ ሳይሆን ድምፁ ነው። አገራችን የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ የነዋሸራ፣ የነጎንጅ አገር ናት፤ ሰሙን ከወርቁ የሚለየውም አንዳንድ ጊዜ የአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። በአንድ አዲስ የኮንክሪት ሕንፃ አንድ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ፣ የመጀመሪያው ቃል ሳይከስም ሁለተኛው እየተደረበበት ምሥጢሩ አመለጠኝ፤ አጠገቤ የነበሩት ሊቅም አልያዙትም። በሣር ክዳንና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ይህ ገጥሞኝ አያውቅም።

የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ያዥ፦ ልስን ስለሚቀር ወጪው ይቀንሳል መባሉም አያሳምንም፤ ስሕተትን የሚሸፍን ልስን ከሌለ ካሳፎርማው የተዋጣለት አናጺ ይፈልጋል።

የታሪክ መምህርት፦ መሪጌታ ስለ ጆሮ ተናገሩ፤ እኔ ስለ ዓይን ልናገር። የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ የጊዮርጊስን ተጋድሎ የምትተርክልን እንዲህ ካለ ግድግዳ ላይ እያሳየች ነበር። ንድፉ ለሥዕል ቦታ ካልተወ ከልጆቻችን ምን ልናሳይ ነው?

መሐንዲሱ፦ በድምፁ ጉዳይ መሪጌታ ልክ ናቸው፤ ኮንክሪት ድምፅን ከመዋጥ ይልቅ ይመልሳል። ስለዚህ ኮንክሪቱን ለዐምዱና ለውጭ ግድግዳው አድርገን፣ ጣሪያውን ከውስጥ በእንጅባራ ቀርከሃ ብንለብጠው፣ የመቅደሱንም ግድግዳ ሥዕል ተሥሎበት ለሚለጠፍ ሸማ ብንተወው ይሻላል። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬም እ.ኤ.አ. በ1955 በተመረቀው፣ በፈረንሳይ በሚገኘው የሮንሻ ጸሎት ቤት፣ በጦርነት የፈረሰውን የቀድሞውን ቤት ድንጋይ በግድግዳው ውስጥ መልሶ ተጠቅሞበታል፤ እኛም ምስጥ ያልነካውን የወይራና የጽድ እንጨት ለበሩና ለመስኮቱ እናውለው።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ቀርከሃው ከተለበጠ በኋላ፣ ቀሪው ሥራ ሳይቀጥል፣ አንድ ተማሪ ከቅኔ ማኅሌቱ ቆሞ ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ይዝረፍ። እኔ ምዕራብ በሩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ፤ ካልያዝሁት ንድፉ እንደገና ይታይ።