ፀሐይ ጠፋችብኝ ላለችው እህታችን

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ከገባሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ስመለስም ጨለማ፤ ፀሐይ ጠፋችብኝ። እናንተ ይህን ወቅት እንዴት ነው የምታልፉት?» ብላ ጠይቃ ነበር። ብዙዎቻችሁ ቤቷን እንድታሞቅ፣ ቡናዋን እንድታፈላና እስከ መጋቢት እንድትታገሥ መከራችኋታል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት እንደዚያው ስለሆነ አልፈርድባችሁም። ሆኖም ምክሩ ልክ አይመስለኝም። እህቴ፣ ቅዳሜ ዕለት አምስት ሆነን የዋልነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

የሄድነው ማም ቶር ወደሚባለው ተራራ ነው። ከሸፊልድ ኢዴል እስከሚባለው ጣቢያ በባቡር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። «ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያው በር እንገናኝ» ተባብለን ነበር። ከመጣ ዓመት ያልሞላው ጓደኛችን ሦስት ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶት ኖሮ፣ ስንደውልለት ገና ከአልጋው አልወረደም። የመጀመሪያው ባቡር በእሱ ምክንያት አመለጠን። ጋሼ የምንላቸው፣ ስድሳን ያለፉት አባታችን ግን ከሁላችንም ቀድመው ደርሰው ነበር፤ ከዝናብ ልብሳቸው ሥር ጋቢ ጠቅልለው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

መጀመሪያ ላይ ሳቅን። የማም ቶር ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 517 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የደብረ ብርሃኑ ጓደኛችን «ይህንንማ እኛ አገር ሜዳ እንለዋለን» አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ዝም ብሎ መሄድ ጀመረ። የእኛ ደጋ ብርድ ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይለቅቃል። የዚህኛው እርጥብ ነው፤ ከነፋሱ ጋር ተባብሮ ልብስ ሥር ይገባና አይወጣም። የልጁ ጂንስ ሱሪ እስከ ጉልበቱ በስብሶ እግሩ ላይ ተለጥፏል። እባካችሁ ጂንስ አትልበሱ።

ሆሊንስ ክሮስ ከሚባለው የተራራው ኮርቻ ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። ጣርማ በርን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ የሚያልፍበት ዓይነት ጉም ነው። ከፊቴ የሚሄዱት የጋሼ ድምፅ እንጂ መልካቸው አይታይም፤ ከዘራቸው ድንጋዩን ሲመታ ብቻ ይሰማኛል። መንገዱ እስከ ጫፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ድንጋዩን እየተከተልን ወጣን።

ጫፉ ላይ ጉሙ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። በደቡብ በኩል ያለው ሸለቆ በሙሉ ባዘቶ የሞላበት ይመስላል፤ ከባዘቶው መካከል የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከላይ ሰማዩ የመስከረም ሰማይ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ጉሙም አብሮት እዚያው ይቀራል። ከተማው ውስጥ ጠፋችብኝ ያልሻት ፀሐይ አንዳንድ ቀን ያለችው ከራስሽ በላይ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን እያወራነው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ዝቅ ብላ በደቡብ ትሄዳለች። ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ወደ ኢዴል በኩል ስንዞር፣ ጥላችን ከታች ባለው ጉም ላይ ረዝሞ ወድቋል፤ በጥላው ራስ ዙሪያ ደግሞ የቀስተ ደመና ቀለበት አለ። አብራን የነበረችው እህት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ልክ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እንዳሉት ቅዱሳን አክሊል ነው። ክርክሩ የመጣው ወዲያው ነው። እኔ «አክሊሉ የእኔ ራስ ላይ ነው» ስል፣ እሷ «የለም፣ የእኔ ላይ ነው» ትላለች፤ የደብረ ብርሃኑም ለራሱ ይምላል። ማናችንም አልዋሸንም። የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልሱት እያንዳንዱ ሰው ቀለበቱን የሚያየው በገዛ ራሱ ጥላ ዙሪያ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ሁላችንም ጻድቃን ነን፤ ምሳ አቅርቡ» አሉ።

ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ምሳው ሽሮ ፍርፍር፣ ቆሎና በፔርሙዝ የያዝነው ሻይ ነበር። አዲሱ ጓደኛችን እየበላ ዙሪያውን ይቃኛል። «ይህ የማን ግቢ ነው? ፖሊስ አይጠራብንም?» አለ። እኔም ስመጣ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ጋሼ በከዘራቸው ማዶ ያለውን፣ ኪንደር የሚባለውን ተራራ አሳዩት። በሚያዝያ 1932 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከማንችስተር የመጡ ወጣት ሠራተኞች፣ የባለ ርስቶችን ክልከላ ጥሰው ወደዚያ ወጥተዋል፤ ከመካከላቸውም አምስቱ ታስረዋል። አካባቢው በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በካርታው ላይ የተመለከተውን ክፍት መሬት ማንም በእግሩ እንዲሄድበት ፈቀደ። ፈቃድ፣ መታወቂያ ወይም ክፍያ የሚጠይቅሽ የለም።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ተቀጣን። ባክ ቶር የሚባለው ቦታ ጭቃው ያንሸራትታል፤ እኔው ራሴ በመቀመጫዬ ወረድኩ። ጉሙም ተመልሶ መጣ። ስልኬ አርባ በመቶ ባትሪ እያለው በብርዱ ጠፋ። በዚህ ወቅት በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሆፕ ጣቢያ የደረስነው በጋሼ የእጅ ባትሪ ነው። «ምን ያደርግልዎታል?» ብለን ጠዋት ስቀንባቸው ነበር።

*

ከሊድስ የጻፉት ወንድማችን፦ «ነገሩ ያምራል። ነገር ግን የተራራ ጫማ ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞስ ፀሐዩን ለመሞቅ ይህን ያህል መድከም ምን ይባላል?»

ወንድሜ፣ የእኔ ጫማ ከበጎ አድራጎት ሱቅ የተገዛ ሳልባጅ ነው፤ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። ስለ ፀሐዩ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ የዚህ አገር ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ አቅም የለውም። የጤና አገልግሎቱ በዚህ ወቅት ሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ ያሳስባል፤ ለእኛ ለጥቁሮች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። እንክብሉን ከፋርማሲ ይግዙ። ተራራው ለሌላ ነገር ነው፤ እኔ ሰኞ ሥራ ስገባ ጨለማው ያው ነበር፣ አውቶቡስ ውስጥ ግን ብቻዬን ስስቅ ተገኘሁ።

እህቴ፣ የጫማ ቁጥርሽን በግል ላኪልኝ፤ ባለቤቴ ትርፍ አላት። የሚቀጥለው ጉዞ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው፤ ጣቢያው በር ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር።