ሾርት ሺፍተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለላላ ማርሽ አዳማ ላይ የሞከርኳቸው

አዳማ መግቢያው ላይ ካርዴን ተቀብዬ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመርኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛ ብዬ ያስገባሁት አምስተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። ከኋላዬ የነበረው ጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። እስከ 120 በሚነዳበት መንገድ ላይ በ40 እየተንቀረፈፍኩ ማርሽ ፍለጋ ውስጥ ገባሁ። ያን ቀን ነው ነገሩን የምር የያዝኩት።

የኔዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት። ከ1999 እስከ 2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተመረተው ሰባተኛው ትውልድ፤ ማንዋል፣ አምስት ማርሽ። የማርሽ ዘንጓ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ ይነቃነቅ ነበር። ሽጣትና ሌላ ግዛ ያሉኝ አልጠፉም። ምን ልግዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የሀብታም ነገር አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ያለችኝን ይዤ መኖር ነው እንግዲህ።

መኪና የሚወዱ ጓደኞቼ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። “ሾርት ሺፍተር ግጠምባት!” ለማታውቁት፣ ሾርት ሺፍተር ማለት ማርሽ ሲቀየር እጃችን የሚሄድበትን ርቀት የሚያሳጥር ሌላ ዘንግ ነው። እኔም ገዛሁ፤ ታሪኩን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አሁን ማርሽ ላላብኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቦኮላውን፣ ማለትም የማርሹ መገጣጠሚያ ላይ የሚገባውን ቀለበት፣ እየው።

አንድ ቅዳሜ የወሰድኩት ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ነው። ሁሉም “ጋሼ” ነው የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመኪና ሥር ያሳለፉ መካኒክ አሉ።

“ጋሼ፣ ካምቢዮው አለቀ እንዴ?” አልኳቸው።

“ካምቢዮው ምን ሆነ! ቆይ እስቲ፣ ያዝልኝ ማርሹን” አሉና ኮፈኑን ከፈቱ። ሦስተኛ ውስጥ አስገባሁት። ከማርሹ ሳላወጣው ወደፊት ወደኋላ ወዝውዘው አሉኝ። ወዘወዝኩ። እጀታው ሁለት ጣት ያህል ይሄዳል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ያለው ክንድ ግን ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ጎርጎር አደረጉና መዳፌ ላይ አንድ ነገር አስቀመጡልኝ። የባቄላ ፍሬ የምታክል የፕላስቲክ ቦኮላ። ግማሿ የለም። ግማሿን በጣቴ ሳሻት ተፈረፈረች።

“ይቺ ናት ያስለቀሰችህ” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ፣ የፊት ጎማ የሚነዳቸው አብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ሁለት ካቦ አለ። አንዱ ግራ ቀኙን ይመርጣል፣ ሌላው ወደፊት ወደኋላ ያስገባል። የካቦዎቹ ጫፎች በቦኮላ ይገጠማሉ፦ ዘንጉ ጋ ሁለት፣ ካምቢዮው ጋ ሁለት። እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሲበሉ ድምሩ እጀታው ላይ ይገዝፋል። ዘንጉ ራሱ ደግሞ ወለሉ ላይ የታሰረው በጎሚኒ ላይ ነው። ጎሚኒው ከደረቀ ሙሉው መሠረት ይዋኛል።

አዳማ ላይ ይሄ ቶሎ ቢያልቅ አይግረማችሁ። ከኮረብታው ላይ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖችን የሚያሽከረክር ነፋስ፣ በተቀደደ ኩፊያ (የማርሽ ዘንጉ መሸፈኛ) ውስጥ አቧራ ማስገባት አያቅተውም። አቧራና ግራሶ ሲቀላቀሉ ቦኮላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል።

እንግዲህ ቦኮላውን ከየት? ሦስት ቦታ ሞክሬያለሁ።

መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫው ገበያ ሶማሌ ተራ። ከፈረሰ መኪና የወጣ ሙሉ ካቦ ይገኛል። ችግሩ፣ ከሌላ መኪና የወጣው ካቦም ያው ዕድሜ ያለው ቦኮላ ይዞ ነው የሚመጣው። የኔኑ በሽታ ገንዘብ ከፍዬ ልገዛ ነበር። ካቦው ራሱ ከተበጠሰ ወይም ውስጡ ዝጎ ከከበደ ብቻ ሂዱ። ስትሄዱም የድሮውን ይዛችሁ፣ ርዝመቱንና ጫፉን አስተያይታችሁ ግዙ። የቶዮታ የመለያ ሳህን ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፎ ይገኛል። ፎቶ አንሱት። “የሴሊካ” ብሎ መጠየቅና ኮድ ይዞ መጠየቅ ይለያያል።

ሁለተኛው ኦርጅናል ማዘዝ ነው። ንጹሕ ነገር ነው፣ አይከራከሩበትም። ግን ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ቦኮላውን ለብቻው አይሸጥም፤ ካቦውን ከነሙሉው ግዙ ነው የሚላችሁ። ለባቄላ ፍሬ ብሎ እንጀራውን ከነመሶቡ መግዛት ሆነብኝና ተውኩት።

ሦስተኛው ብረትና ፕላስቲክ በማሽን የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ነው፤ የኔ ምርጫም እሱ ነው። አዳማ በዚህ አትታማም። ለባጃጁም ለእርሻ መሣሪያውም ሲቀርጹ የሚውሉ ልጆች አሉ። ግን አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ የተበላውን ቦኮላ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የተበላውን ነው ለክቶ የሚሠራላችሁ! የካቦውን ጫፍና የሚገባበትን ፒን ሁለቱንም ውሰዱ። በካሊፐር (ሚሊሜትር በሚለካው መሣሪያ) የቀዳዳውን ውስጥና የፒኑን ውጭ ይለካ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አጥብቄ አሠራኋቸው። ጠበቅ ካለ ይሻላል ብዬ። ማርሹ ድንጋይ ሆነ፤ ሲለቀቅ ወደ መሀል መመለስ እንቢ አለ። ፒኑ ውስጡ መዞር አለበትና። በማግስቱ ተመለስኩ። ልጁ ሳቀብኝና ጭረት ታህል አሰፋልኝ፤ ተስተካከለ።

ከምን ይሠራ? የካቦው ጫፍ ላይ ከቴፍሎን ወይም ከናይለን ቢሆን ደስ ይለኛል። ድምፅ የለውም፣ ትንሽ ግራሶ ይበቃዋል። ናስም ይሆናል፤ ይበረክታል፣ ግን ግራሶ ካጣ መንቀጫቀጥ ይጀምራል። ለወለሉ መሠረት ከአሉሚኒየም የሚያሠሩ አሉ። ማርሹ በጣም ይጠነክራል፣ እውነት ነው። ሆኖም የሞተሩ ንዝረት በሙሉ መዳፋችሁ ውስጥ ይገባል። እኔ ናይለን አስገባሁ። ለመሠረቱ አራት ብሎኖችም ቀለበት አሠርቼ፣ ከሮንዴላ ጋር አሰርኩት። የሁሉም ወጪ ተደምሮ ከሁለት ሰው ክትፎ ብዙም አልራቀም። ሦስተኛዬን ግን መልሶ ሰጠኝ።

አሁን ወደ ሾርት ሺፍተሩ። ይሄ ሁሉ ከተሠራ በኋላም እጄ ብዙ ይሄዳል፣ ስፖርት መኪና ነው የያዝኩት የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ሒሳቡን እወቁ።

የማርሽ ዘንግ እንደ ሚዛን ነው፤ መሀሉ ላይ የሚሽከረከርበት ኳስ አለ። ከኳሱ በላይ 200 ሚሊሜትር፣ ከኳሱ በታች 50 ሚሊሜትር ቢሆን ጥምርታው 4 ለ 1 ነው። ታች 20 ሚሊሜትር ለማንቀሳቀስ እጃችሁ 80 ይሄዳል። ሾርት ሺፍተሩ የታችኛውን ክንድ ወደ 65 ቢያስረዝመው እጃችሁ የሚሄደው 62 ያህል ብቻ ነው። ደስ ይላል። ግን በነጻ አይደለም፦ የሚጠይቀው ጉልበት በ30 በመቶ ይጨምራል። ጠዋት ካምቢዮው ሳይሞቅ ሁለተኛ ስታስገቡ ይሰማችኋል። ከላይ ዘንጉን ቆርጦ ማሳጠርም ያው ሒሳብ ነው፣ ዋጋው ብቻ ርካሽ ነው። አንድ ጎረቤቴ በመጋዝ ቆርጦ እጀታው የሚታሰርበትን ጥርስ አስወጣበት። አሁን እጀታው ጉልበቱ ሥር ተደብቋል። ለሱ ተመችቶታል።

ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳባችሁ ሰዎች፣ ሾርት ሺፍተር አይፈውሳችሁም። መንኳኳቱ የፍሪሲዮን ፓምፕ በደንብ ስላልለቀቀ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የሲንክሮ ቀለበቶች ስላለቁ ነው። ሲንክሮ የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት ለማስተካከል ቅንጣት ጊዜ ይፈልጋል። አጭሩ ዘንግ ደግሞ ያቺን ጊዜ ይነጥቀዋል። የታመመ ካምቢዮ ላይ ከገጠማችሁት ሕመሙን ታባብሳላችሁ። የካምቢዮ ዘይቱንም ሳትቀይሩ ወደዚህ አትምጡ። የመኪናው መጽሐፍ የዘይቱ ደረጃ ጂኤል-4 ነው ካለ ጂኤል-4 ነው። ዘይት ቤቱ “ጂኤል-5 ይበልጣል” ቢላችሁ፣ ቁጥሩ ስለበለጠ አይበልጥም። አንዳንድ የድሮ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን የናስ ቀለበት የሚጎዳ ኬሚካል አለው።

የሾርት ሺፍተር አምራቾቹን ስም በተመለከተ፣ ማን ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሴሊካ ስሙ የሚነሳው ቲደብልዩኤም ነው። የሆንዳ ኬ ሞተር ያላችሁ ኬ-ቲውንድን፣ ሃይብሪድ ሬሲንግንና አኩይቲን ፈልጉ። ሱባሩ ከሆነ ካርትቦይና ኮብ። ካርትቦይ ቦኮላውን ለብቻው ስለሚሸጥ እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር። ለቢኤምደብልዩ ኢ36 የቆየ ዘዴ አለ፦ የሌላው ቢኤምደብልዩ፣ የዚ3 1.9፣ ኦርጅናል ዘንግ አጠር ያለ ማርሽ ይሰጣል። የፋብሪካ ዕቃ ስለሆነ ኮፒ የመሆን ፍርሃቱ ያንሳል። ከሁሉም ዘዴዎች ይሄን እወደዋለሁ። ሙስታንግ አዳማ ውስጥ አላየሁም፤ ካለ ኸርስት፣ ኤምጂደብልዩ ወይም ስቲዳ ይበለው። እነሱ ላይ ማቆሚያ ብሎን ያለበት አለ፤ በኃይል ስትጎትቱ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሹካ እንዳይጣመም የሚከላከል። ብሎኑን ሳያስተካክል የገጠመ መካኒክ ምንም አልሠራም።

የኔ ጥፋት ደግሞ ይኸውና። በኢንተርኔት አንድ ሻጭ ጋ “ለሴሊካ በልኩ” የተባለ ዘንግ አገኘሁ። ከኦርጅናሉ ዋጋው ሲሶ ነው። ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ እጅ አስላክሁ። ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከልብስ መሀል ወጣ፤ ያብረቀርቃል፣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ጋሼ ጋ ይዤው ሄድኩ። የድሮውን ኳስ በካሊፐር ለኩ፣ የአዲሱን ለኩ። አዲሱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ያንሳል። “ይሄ ሲገባ ይንቀጫቀጣል” አሉ። እኔ ግን ጓጉቼ “ግጠሙልኝ” አልኳቸው። አንድ ሳምንት ነዳሁት። አምስተኛ ስል ዘንጉ የመሀሉን ፕላስቲክ ይነካል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀርቶ ሞጆ ጋ ተፈናጥሮ ወጣ። ሻጩ መልስ መስጠት አቆመ። የድሮውን ዘንግ መልሰን ገጠምን።

ስለዚህ የምታስመጡ ከሆነ ሦስት ነገር በፎቶ ጠይቁ። ኳሱ ከነካሊፐሩ፣ ከኳሱ በታችና በላይ ያለው ርዝመት ከነማስመሪያው፣ እና የእጀታው ጥርስ። ይሄን ሊልክ ያልፈለገ ሻጭ ብር አይላክለትም። ለዘመዳችሁም ከብረት የተሠራ እንደሆነ ንገሯቸው። ሻንጣ በኪሎ ነው።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ትንሽ ለውጥ ብቻ የምትፈልጉ፣ እጀታውን ብቻ ቀይሩ። 400 ግራም አካባቢ የሚመዝን ከባድ እጀታ በራሱ ክብደት ወደ ማርሹ ይገፋል፤ ለስለስ ይላል። ጥርሱን አረጋግጡ (የዘንጉ ውፍረትና የጥርሶቹ ርቀት በሚሊሜትር)፦ ቶዮታ 12 በ1.25፣ ሆንዳ 10 በ1.5፣ ማዝዳ 10 በ1.25። ግን እባካችሁ ራቁት ብረት አትግዙ። እኔ የሚያምር የአሉሚኒየም ክብ እጀታ ገዝቼ ፍራንኮ አካባቢ ፀሐይ ላይ አቁሜ ምሳ በላሁ። ስመለስ የነካሁት ማርሽ ሳይሆን ምጣድ ነበር። እስከ ቤት በነጠላ ጠቅልዬ ነዳሁ። አሁን የቆዳ ለባሽ ነው ያለኝ።

ቶርኖ ቤት ያሠራኋቸው ቦኮላዎች ዓመት አልፏቸዋል። በየሦስት ወሩ የመሀሉን መሸፈኛ አነሳና አቧራውን በጨርቅ ጠርጌ አዲስ ግራሶ እቀባቸዋለሁ። የተቀደደውን ኩፊያም አሰፍቼዋለሁ። ቀዩ ዘንግ ጋሼ ጋራዥ ነው ያለው። ልጆቹ የበር መያዣ አድርገውታል።