ላሊበላ ቀለበት፣ ጎንደር ማጭድ፦ ግርዶሹ ለምን ተለያየ?

ጠያቂ፣ መምህር ከአዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 በነበረው ግርዶሽ ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ጎንደር ያየነው ግን ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ነው። ተማሪዎቼ ምክንያቱን ይጠይቁኛል። «ጨረቃ በየወሩ በፀሐይ በኩል ታልፍ የለ? ለምን በየወሩ አይጋረድም?» ይላሉ። ደግሞስ ግርዶሽ ሲመጣ በምን ላሳያቸው?

ከማራኪ፦
መምህር፣ የልጆቹ ጥያቄ ደስ ይላል። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መሃል ገብታ ጥላዋ ምድር ላይ ሲያርፍ ነው። የጨረቃ መንገድ ግን ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘመም ያለ ነው። ስለዚህ ጥላዋ አብዛኛውን ጊዜ ምድርን ስቶ ያልፋል።

ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፤ ርቀቷም ወደ 400 እጥፍ ነው። ለዓይናችን እኩል የሚመስሉት ለዚህ ነው። ጨረቃ ቀረብ ስትል ፀሐይን ጨርሳ ትሸፍናታለች፣ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል። ራቅ ስትል አንሳ ስለምትታይ የፀሐይ ጠርዝ ዙሪያውን ይተርፋል። ቀለበቱ ያ ነው። በ2012 ቀለበቱ የታየበት መስመር ጠባብ ነበር። ላሊበላ መስመሩ ውስጥ ገባች፣ ጎንደር ከዳር ቀረች። እኛ ያየነው ከፊል ግርዶሽ ይባላል።

ከፒያሳ፦
ቅይጥ ግርዶሽም አለ፤ አንዱ ቦታ ቀለበት፣ ሌላው ቦታ ሙሉ ሆኖ የሚታይ። ጥቅምት 24 ቀን 2006 የሆነው አትላንቲክ ላይ በቀለበት ጀምሮ ሰሜን ኬንያ ሲደርስ ሙሉ ነበር።

የዓይን ጤና ባለሙያ፦
እባካችሁ፣ በዓይን ቀልድ የለም። ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት አይሆኑም። የብየዳ መስታወትም ቁጥር 14 ካልሆነ ይቅር። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ሲቃጠል አያምም። ልጁ የሚነቃው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ያኔ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። «አይኤስኦ 12312-2» የሚል፣ ማለትም የዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክት ያለበት፣ የግርዶሽ መነጽር ፈልጉ። ከተቧጨረ ጣሉት።

ከማራኪ፦
መነጽር ለሁሉም ካልተገኘ ካርቶን በመርፌ ይብሱ። ልጆቹ ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉት። በቀዳዳው ወደ ፀሐይ ማየት ግን ክልክል ነው። ፋሲል መዋኛ ካሉት ዛፎች ሥር ብትሄዱም ጥሩ ነው፤ በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ብርሃን የተጋረደችውን ፀሐይ መልክ መሬት ላይ ያወጣዋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመቼ ልዘጋጅ?

ከፒያሳ፦
ሰኞ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019። ሙሉው ግርዶሽ ግብፅ ውስጥ፣ ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። እኛ ጋ ከፊል ነው፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ። ክረምት ስለሆነ ደመናው ያሰጋል፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ልጆቹ ሰኔ ላይ ሳይበተኑ ካርቶኑን ያሠሯቸው።