ጥቆማ፦ ከልጆች ጋር ወፍ ለማየት ሐይቅ ይሻላል ጨፋ? ባይኖኩላርስ ከየት?

ሆጤ ነኝ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ከደሴ ተነስተን ወፍ ልናይ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆች። ሐይቅ ከተማ ያለው ውሃ ነው ወይስ የጨፋ ረግረግ የሚሻለው? ባይኖኩላርስ (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ከየት ልግዛ? 10 በ50 አይቻለሁ፣ ይሆናል?

የጦሳ ልጅ፦ ፒያሳ ያለው የፎቶ ዕቃ ሱቅ። ሌላ ቦታ አትልፋ፣ ሰውየው ሐቀኛ ነው።

ቦርከና፦ 10 በ50 ለልጅ አይሆንም። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያጎላበት እጥፍ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ማጉላቱ ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፣ የሚታየውም ቦታ ይጠባል። ልጁ ሲፈልጋት ወፏ ሄዳለች። ለአዋቂ 8 በ42፣ ለትንሹ 6 በ30 ወይም 8 በ30 ያዝ። ልጁን ይዘኸው ሂድና ሁለቱን ቱቦ አጥፈህ ዓይኑ ላይ ሞክረው። በብዙዎቹ የሁለቱ ዓይን ማያ ርቀት ከ56 ሚሊሜትር በታች አይጠብም፣ የትንሽ ልጅ ሁለት ዓይን ደግሞ ከዚያ በላይ የተቀራረበ ነው፤ ካልገጠመው በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ ክንድህን ዘርግተህ ወደ ብርሃን አዙረውና በዓይን በኩል ያለውን የብርሃን ነጥብ እይ። ሙሉ ክብ ከሆነ ደህና፣ ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ (ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት) ርካሽ ነው። ማዶ ያለ አንቴና ሁለት ሆኖ ከታየህ ወድቆ ተዛንፏል። ቀይ የሚያብረቀርቅ መስታወት ወይም «ዙም እስከ 100» የሚል ካየህ መልሰህ አስቀምጠው።

የጦሳ ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ፊዚክስ ለምን? እዚያ ሱቅ የተገዛ ተበላሽቶ አያውቅም።

ቦርከና፦ የሚሸጠው ቀዩን ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ቀይ ነው። ግን ጥሩው ቀይ ነው።

እሙ ሐያት፦ ባይኖኩላሩን ተዉትና መኪናው ላይ ተጠንቀቁ። ስሙን የማልጠራው የኮንትራት ሚኒባስ «ሙሉ ቀን» ብሎ ቀብድ ተቀበለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተባብለን 2 ተኩል መጣ። ውሃው ዳር በሩን ከፍቶ ሙዚቃ ሲለቅ ይብራዎቹ ባንዴ ተነስተው ማዶ ተሻገሩ። 6 ሰዓት ላይ «ቆይታ አልተነጋገርንም» ብሎ ጭማሪ ጠየቀ።

ኮምቦልቻ 03፦ ቆይታ ሁሌም ለብቻ ነው። ሾፌሩ ምን በደለ?

እሙ ሐያት፦ ሙሉ ቀን ማለት ታዲያ ምንድን ነው? እስከ ቁርስ?

ሸዋ በር፦ ነዳጅ በማን ነበር?

እሙ ሐያት፦ በእኛ!

ኮምቦልቻ 03፦ የዛሬ ነዳጅ ወረፋ በማን ነው ታዲያ?

ሸዋ በር፦ አብሽሪ እህቴ። ለሌላ ጊዜ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ነዳጅ በማን፣ ቆይታ በሰዓት ስንት የሚለውን በቴሌግራም ጽፈሽ «እሺ» አስብዪው። ሙዚቃም ጨምሪበት። ለሐይቅ ግን ኮንትራት ምን ያደርጋል? 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባስ ከተማው ያወርዳል፣ እስከ ውሃው ባጃጅ አለ።

አዝዋ ገደል፦ ወፍ ለማየት 30 ኪሎ ሜትር? ልኳንዳ በር ላይ ሥጋህን ይዘህ ቁም፣ ጭልፊቱ ራሱ መጥቶ ያሳይሃል። ቆይታም አያስከፍልም።

ወለየዋ፦ ሐይቅ ከሄዳችሁ ቆሮሶ ጥብስ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። በሎሚና በዳጣ!

የባዮሎጂ መምህር፦ ጠያቂው ተረሳ። ወንድሜ፣ በልጅ ሐይቅ ይቀላል። ጨፋ ወፉ ብዙ ነው፤ ከብቱን የሚከተለው ነጭ ሳቢሳ ብቻውን ይበቃል። ግን ቆላ ነው፣ ሙቀትና ትንኝ አለ፣ ረግረጉም እግር ይውጣል። ከሄዳችሁ ከአስፋልቱ ሳትርቁ እዩ፤ ልጆቹ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። የትም ሂዱ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው ዋናው። ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጉ፣ አለበለዚያ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓ የሚመጡት ስለሚጨመሩ ጊዜው ያ ነው። ዓሣ አዳኝ ንስር ውሃ ዳር ካሉ ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ነጭ ራሱን ፈልጉ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሐይቅ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ባለቤትህ ውጭ እንዳትጉላላ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባይኖኩላሩን እቤት አስተካክሉት፦ የቀኙን የፊት መስታወት በእጅ ሸፍኖ በግራ ዓይን የመሃሉን ማዞሪያ ማጥራት፣ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ የቀኝ ዓይኑን ቀለበት ብቻ ማዞር። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ዕቃው ተበላሽቷል ይላል። የመንገዱንም ሁኔታ ዋዜማውን ጠይቁ።

ቦርከና፦ ትክክል። የአገራችንን ብርቅዬ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ከፈለጋችሁ ግን ደጋው ላይ ጉጉፍቱ የሚባለው ቦታ ነው። ብርዱን ልጆቹ ከቻሉት።

የአዲስ አበባ ወሎዬ፦ ዝዋይ ሂዱ፣ አባ ኮዳው እግራችሁ ሥር ነው የሚቆመው።

ሸዋ በር፦ ለቅዳሜ ጠዋት? ከደሴ?

ኮምቦልቻ 03፦ ዝዋይ ድረስ ቆይታው ስንት ሊሆን ነው!

እሙ ሐያት፦ አሁንም ቆይታ ይላል ወላሂ።

ሆጤ ነኝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐይቁ ሚኒባስ ጠዋት ከመናኸሪያ የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው?

ሸዋ በር፦ ሲሞላ።