45 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ አዳራሽ የለም፤ ቴአትርና ፊልም ከየት ልጀምር?

ቲቸር ከአራት ኪሎ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የቴአትርና ፊልም ክፍልም እንድይዝ ተሰጠኝ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ግራ ገባኝ።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ልጆቹ 9ኛና 10ኛ ክፍል ናቸው፤ 45 ናቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ40 ደቂቃ እንገናኛለን። አዳራሽ የለንም። ክፍሉ በዴስክ የተሞላ ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው። ካሜራም የለም።

መጀመሪያ ያደረግኩት አንድ አጭር ጽሑፈ ተውኔት አባዝቶ ማደል ነበር። አምስት ልጆች ተነስተው አነበቡ፤ 40ው ቁጭ ብሎ አየ። አንባቢዎቹ ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ደቅነው ዜና የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ከኋላ ሳቅ ተጀመረ። አንዲት ልጅ መሃል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠና እያለቀሰች ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስሟን ስጠራ እንኳ ቀና አትልም። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይኼ ነው።

እባካችሁ እርዱኝ። 45ቱንም እንዴት ላሳትፍ? ፊልም ያለ ካሜራ ይማራል ወይ? ማርክ በምን ይሰጣል? ሰኔ ላይ ደግሞ ለወላጆች ቀን የሚታይ ሥራ ይጠበቅብኛል።

ጡረተኛው አዘጋጅ

ልጄ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ሰብስቢ። ጽሑፉ ጥፋት ኖሮበት አይደለም፤ ጊዜው ስላልደረሰ ነው። ልጆቹ ቃል ከመሸምደዳቸው በፊት መተያየትና መደማመጥ ይልመዱ።

ያቺ ልጅ ያለቀሰችው 40 ሰው ተቀምጦ ስላያት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር ተመልካች የሚባል አይኑር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሥራ። ሁሉም ሥራ ላይ ሲሆን በሰው የሚስቅ አይገኝም።

ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ራሱ የመጀመሪያው ልምምድ ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፤ ድምፅ አይሰማም። አንድ ዴስክ ወለሉ ላይ ከተንጓጓ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ሰዓት ያዢ። ሳይነጋገሩ ዴስክ የሚሸከሙ ሁለት ልጆች የግድ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። መድረክ ላይ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ መስታወት። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቁሙ። አንዱ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው መስታወት ሆኖ ይከተለዋል። 45 ስለሆኑ አንዱ ቡድን ሦስት ይሆናል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። ሲለምዱት ማን መሪ፣ ማን ተከታይ እንደሆነ አንቺም እስከማትለዪ ድረስ ይሥሩት። ሲፈጥኑ ይሳሳቃሉ፤ "ቀስ" እያልሽ መልሺያቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ራሳችን ነገር ግቢ። በላ ልበልሃ የጥንቱ ሙግት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው በግጥም፣ በተረትና ምሳሌ፣ በሰምና ወርቅ ይሟገቱ ነበር። አቋቋም አለው። የእጅ አጣጣል አለው። ድምፅ የሚነሳበትና የሚወድቅበት ቦታ አለው። ተሟጋቹ ተዋናይም ደራሲም ነበር። ለልጆቹ ቀላል ክስ ስጫቸው። "ደብተሬን ተውሶ ገጽ ቀደደብኝ" ይበቃል። አምስት ቦታ ክፈያቸውና ወደ ግቢው ውጡ። በየቡድኑ ዘጠኝ ልጅ ይሆናል። አንዱ ዳኛ፣ ሁለቱ ተሟጋች፣ ሁለቱ ምስክር፣ አራቱ የአደባባይ ሰው። የአደባባይ ሰው ሥራ ፈት አይደለም። ያጉረመርማል፣ ይደነቃል፣ ዳኛው ሲናገር ጸጥ ይላል። እኔ ጀማሪ ተዋናይ የማውቀው ሲናገር አይደለም፤ ሌላው ሲናገር ሲያዳምጥ ነው።

ሬዲዮ አፍቃሪ

ስላለቀሰችው ልጅ አንድ ነገር ልበል። ለጊዜው ፊቷን የሚያይ ሰው አይኑር። የሬዲዮ ድራማ አሠሯቸው። ስንቶቻችን ነን ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለን ድራማ እየሰማን ያደግነው!

ክፍሉ መሃል ላይ የእርስዎን ስልክ ያስቀምጡና ቀረጻ ያብሩ። ግማሹ ክፍል ድምፅ ሠሪ ይሆናል። ዝናብ ማለት 20 ልጅ በአንድ ጣት ዴስክ ሲመታ ነው፤ ከዚያ በሁለት ጣት፣ ከዚያ በመዳፍ። እሳት ማለት ፌስታል ሲጨማደድ ነው። የቡና ሙቀጫ፣ የታክሲ በር፣ የረዳቱ ጥሪ፣ ሁሉም በእጅና በአፍ ይወጣል። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይሥራ። ልጅቷን ዝናብ ውስጥ ያስገቧት። "ተናገሪ" አይበሏት። ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ትመጣለች።

ባለካሜራው

መምህርት፣ ፊልም ያለ ካሜራ መጀመር ይቻላል። እንዲያውም ለወር ያህል ያለ ካሜራ ቢሄዱ ይሻላል።

ካርቶን ይፈልጉ። የጫማ ካርቶን ይበቃል። መሃሉን 16 በ9 ሴንቲሜትር ቆርጠው ያውጡ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ይኑረው። ይህ የቴሌቪዥን ስክሪን ቅርጽ ነው። ካርቶኑን ወደ ዓይን ሲያስጠጉት ግቢው በሙሉ ይታያል፤ ሰፊ ሾት (ሰፊ ቀረጻ) ነው። ክንድን ዘርግተው ሲያርቁት የአንድ ሰው ፊት ብቻ ይቀራል፤ ክሎዝ አፕ ነው። ልጆቹ "ምን ልጨምር?" ብቻ ሳይሆን "ምኑን ላስቀር?" ብለው መጠየቅ የሚጀምሩት በዚህች ካርቶን ነው። ያዩትን ስድስት ሳጥን ባለው ወረቀት ላይ ይሳሉ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ ሰውን በመስመር ይሥሩት። ያ ስቶሪ ቦርድ ነው።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩን አንድ ስልክ ብቻ ያስፈቅዱ። የእርስዎ ስልክ ይሁን። ክልከላው የተማሪ ስልክ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀረጻ የሉሚዬር ደቂቃ ይባላል። ፈረንሳዊዎቹ የፊልም ጀማሪዎች፣ ወንድማማቾቹ ሉሚዬሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ገደማ ነበሩ። የፊልሙ ጥቅልል 17 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ድምፅ የለም። ቆርጦ መቀጠል የለም። ልጆቹም በዚሁ ሕግ ይሥሩ። አምስት አምስት ሆነው ዘጠኝ ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሾት፣ 50 ሰከንድ። ስልኩን ወንበር ላይ በደብተር ደግፈው ያቁሙት፤ አግድም ይሁን። ልምምዱ ቀድሞ ካለቀ ዘጠኙም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይቀረጻል። አንድ ልጅ ከየት ይገባል? መቼ ይወጣል? ከኋላ የምታልፈው የጽዳት ሠራተኛ ታሪኩን ትረዳዋለች ወይስ ታደናቅፈዋለች? ይህን ሁሉ ያለ ኤዲት፣ ማለትም ቆርጦ ሳይቀጥሉ፣ መወሰን አለባቸው።

ኤዲትን ለማስተማር ደግሞ የኩሌሾቭ ሙከራ አለ። ሩሲያዊው የፊልም አዘጋጅ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ተዋናይን ምንም የማይገልጽ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እየቀጠለ አሳየ። ተመልካቹ ያንኑ ፊት አንዴ የተራበ፣ አንዴ ያዘነ፣ አንዴ የተመኘ አድርጎ አነበበው። እናንተ የአንድ ልጅ ፊት ቅረጹ። ከዚያ አንዴ ከእንጀራ፣ አንዴ በቀይ እስክሪብቶ ከታረመ የፈተና ወረቀት ጋር ቀጥሉት። ካፕካት የሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያ ስልክ ላይ በደንብ ይሠራል። ልጆቹ ራሳቸው ሲያዩት የሚሉትን ይስሙ።

ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ፊት ወደ መስኮት ይዙር እንጂ ጀርባ አይሁን። ቀረጻ ላይ ጥሪ እንዳይገባ ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ያድርጉት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማታውኑ ቻርጅ ያድርጉ። ከምስል ይልቅ የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። አራት ኪሎ ላይ የመኪና ድምፅ አይቋረጥም። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ከመንገድ በራቀው ክፍል፣ ስልኩን ወደ ተናጋሪው አስጠግተው ይቅረጹ።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ለገሃር

"ወረቀቱን ሰብስቢ" የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። አንቺ የአማርኛ አስተማሪ ነሽ። እነዚህ ልጆች የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲ ጣዕም ካንቺ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ወደ አማርኛ እንዴት እንዳመጣው ማን ይነግራቸዋል? ሙሉ ተውኔት አትስጪ። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ሰው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፤ "ይህ ሰው ከዚያኛው ምን ይፈልጋል?"

ደግሞ ከክፍል አውጪያቸው። ብሔራዊ ቴአትርን በየቀኑ በታክሲ ያልፉታል፤ የድንጋዩን አንበሳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ውስጡን ያየ ግን ስንት ነው? ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት እንደታየበት ንገሪያቸው። ሀገር ፍቅር ደግሞ ፒያሳ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፊና ከትርኢት ሰዓት ውጪ መድረኩን፣ የመብራት ክፍሉንና የአልባሳት ክፍሉን እንዲያሳዩአቸው ጠይቂ። ከፊት ወንበር ማየት አንድ ነገር ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ባዶውን አዳራሽ ማየት ሌላ ነው።

ጡረተኛው አዘጋጅ

ወንድሜ፣ እኔም የምለው ይኸው ነው። ሁለት ገጹ በሁለተኛው ሴሚስተር ይምጣ። ያኔ ወረቀት ፊታቸውን አይጋርድም።

የአንዲት ተማሪ እናት

ቲቸር፣ እባክሽ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑርሽ። ልጄ ክበብ ውስጥ የሠራችው ቪዲዮ ሳናውቅ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ብዙ አልቅሳለች። ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው አስቀድመሽ ንገሪን። ከግቢ ውጪ የምትቀርጹ ከሆነ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዢ። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ አጠገብ ካሜራ ሲወጣ ጥበቃ ያስቆማል። ልጆች እንዳይደነግጡ።

ማርክ አራሚ

ለተሰጥኦ ማርክ አትስጪ። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ያለ ትምህርትም ያገኘዋል። እኔ እንዲህ እከፍላለሁ፦ 40 ለልምምድ ተሳትፎ፣ 30 በየሳምንቱ ለሚጽፉት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ፣ 30 ለመጨረሻው ሥራ። ማስታወሻው "ዛሬ የማን ሥራ ገረመኝ? ለምን?" የሚል ነው። ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ጓደኛቸው ይጻፉ።

መብራት ላይ የነበርኩት

ተማሪ እያለሁ የቴአትር ክበብ ውስጥ ነበርኩ። አንድም ቀን መድረክ ላይ አልወጣሁም። መብራት እኔ ነበርኩ። ሁለት የእጅ ባትሪና ባለቀለም ፕላስቲክ ነበረኝ። ሰው ሲያለቅስ ሰማያዊውን አመጣለሁ። በሕይወቴ የሆነ ቦታ በጣም እንደምፈለግ የተሰማኝ ያኔ ነው። ቲቸር፣ 45ቱን ሁሉ ተዋናይ ለማድረግ አይድከሙ። መብራት፣ ድምፅ፣ አልባሳት፣ ቃል አስታዋሽ፣ ዕቃ ያዥ ይኑር። ግን የሥራ ክፍፍሉን ስም ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ስሜን እዚያ ሳየው ያኮራኝ ነበር።

የሰፈር ቴአትር

ለወላጆች ቀን ፎረም ቴአትር አስቡበት። ብራዚላዊው የቴአትር አዘጋጅ ኦገስቶ ቦአል ነው ያመጣው። የ10 ደቂቃ ጨዋታ ትሠራላችሁ። አንድ ችግር ይነሳና በመጥፎ ያልቃል። ለምሳሌ አንዲት ልጅ ቴአትር ልማር ትላለች፣ አባት "ይኼ እንጀራ አይሆንም" ይላል፣ ልጅቷ መዋሸት ትጀምራለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል። አሁን ግን ተመልካቹ "ቁም!" ብሎ፣ ወደ መድረክ ወጥቶ፣ የልጅቷን ቦታ ተክቶ ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል። ሌሎቹ ተዋናዮች አይለቁለትም፤ አባትየው እንደ አባት ይመልስለታል። ወላጆች ራሳቸው ሲገቡበት ንግግሩ ይለወጣል። አዳራሽ አያስፈልገውም። ክብ ሠርቶ መቀመጥ ይበቃል።

ቲቸር ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአራት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፤ ሞክሬ ልጻፍ ብዬ ነው።

ዴስክ ማንሳቱ መጀመሪያ ቀን ሰባት ደቂቃ ፈጀ። አሁን ከሁለት ደቂቃ በታች ነው፤ በጸጥታ። አጠገባችን ያለው ክፍል መምህር "ልጆቹ የት ሄዱ?" ብለው በር ከፍተው አዩን።

በላ ልበልሃው ላይ ከኋላ ይስቅ የነበረው ልጅ ተሟጋች ሆነ። "ተጠየቅ!" ሲል ግቢው ዞሮ አየው።

ሬዲዮ ድራማው ላይ ያቺ ልጅ ዝናብ ነበረች። ባለፈው ሐሙስ የእናቲቱን ድምፅ የምትሠራው ልጅ ቀረች። "ማን ይተካ?" አልኩ። ዓይናችን ተጨፍኖ ስለነበር ማን እንደጀመረ አላየሁም። ድምፁን ስሰማ ግን አወቅኳት። ዝም ብዬ አስጨረስኳት። ምንም አላልኳትም። ጋሼ፣ አደራዎን አልረሳሁም፤ ተመልካች አልነበራትም።

ስልኩም ተፈቅዷል፤ የእኔ ብቻ። ለሰኔ ፎረም ቴአትሩን መርጠናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ግቢው ውስጥ የት ላድርገው? ስንት ሰዓት?

ጡረተኛው አዘጋጅ

ጎሽ ልጄ። ሰኔ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አድርጊው። ተመልካቹ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ፤ ዓይኑ አይጨናበስም፣ የልጆቹም ፊት ይበራል። ከተዋናዮቹ ጀርባ ግድግዳ ይኑር፤ ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል። ለማንኛውም በረንዳ ያለበትን ጎን ምረጪ። ካፊያ ከመጣ ወንበሩን ይዞ መግባት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ዕቃ በጸጥታ ማንሳት ያውቃሉ።